ስመ ጥር የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ለጨዋታ ወዳድና ለአሻሻይ ይስማማሉን? በማክ ፕሮ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ስለ ኮምፒዩተር ግዢ በተነሣ ቁጥር በጓደኞቻችን መካከል ሁለት ሐሳቦች ሲጋጩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን፤ ከስመ ጥር ፋብሪካ የወጣና ዋጋው ከፍ ያለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ለብዙ ዘመን ሳይቸገር ይኖራል፤ ውድ ዕቃ ይበረክታልና፤ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ በእንዲህ ያለው መሣሪያ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ለስሙ የሚከፈል ግብር ነው፤ ስለዚህ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ በገዛ እጅ መግጠም ይሻላል፤ ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ከልማድ ተነሥተው እንጂ ነገሩን መርምረው ስላልሆነ ክርክሩ በተጀመረበት ቦታ ያልቃል።

እኔ ነገሩን ለመመርመር የተነሣሁት በራሴ ላይ በደረሰ ኪሣራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፤ አንድ የታወቀ ፋብሪካ የሠራውን ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ገዛን። ሣጥኑ ጠንካራ፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በላዩ ላይ ግራፊክስ ካርድ ጨምረን፤ ማታ ማታ ጨዋታ ልንጫወትበት፤ ቀን ቀን ደግሞ አንደኛው ጓደኛችን የሕንፃ ንድፍ ሊሠራበት አሰብን። ካርዱን ገዝተን ሣጥኑን ብንከፍተው ፓወር ሰፕላዩ ለካርዱ የሚሆን ትርፍ ሽቦ የለውም። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ብናመጣ በሣጥኑ ውስጥ አልገባ አለ፤ የሽቦው ጫፍም ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ጋር አልገጥም አለ። እንግዲያስ ማዘርቦርዱንም አብረን እንለውጥ ስንል የሣጥኑ የብሎን ቀዳዳዎች በገበያ ከሚገኙት ማዘርቦርዶች ጋር የማይስማሙ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ ካርዱን ከገዛንበት ባነሰ ዋጋ ሸጥነው፤ የጎደለውንም ለሦስት ተካፍለን ከፈልን።

ኮምፒዩተሩ እንዳልተበላሸ ልብ ማለት ይገባል። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ዛሬም ያገለግላል። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ያልተሠራበትን ነገር ጠየቅነው። ዳሩ ግን ለምን ነገር እንደተሠራና ለምን ነገር እንዳልተሠራ ከመግዛታችን በፊት የምናውቅበት መመዘኛ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ያን መመዘኛ ለመፈለግ የቀረበ ነው።

ለምርመራው የመረጥሁት የአሜሪካው የአፕል ኩባንያ ማክ ፕሮ በሚል ስም ከ2006 ጀምሮ ያወጣቸውን የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የመረጥሁበትም ምክንያት ይህ አንድ ስም ከ2006 እስከ 2023 ባሉት 17 ዓመታት ውስጥ አራት የተለያዩ አሠራሮችን ስላሳየን ነው። ስሙ አንድ፤ ኩባንያው አንድ፤ የዋጋውም ደረጃ ሁልጊዜ ከፍተኛ ሲሆን፤ አሠራሩ ግን ከክፍት ወደ ዝግ፤ ከዝግም ወደ ክፍት ሲመላለስ ኖሯል። ስለዚህ መሣሪያውን ከሌላ ፋብሪካ ዕቃ ጋር ሳይሆን ከገዛ ራሱ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በዚህም መንገድ ለስሙ ያለን ፍቅር ወይም ጥላቻ ፍርዳችንን አያዛባውም።

ስለ መመዘኛው

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ የሚቈጠሩትን ሁለት ሰዎች መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ወዳዱ ነው። ይህ ሰው ከኮምፒዩተሩ ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፤ የሚወዳቸው ጨዋታዎች በመሣሪያው ላይ እንዲሠሩለት፤ ሁለተኛ፤ ከከፈለው ገንዘብ የሚበዛው ለግራፊክስ ኃይል እንዲውል፤ ሦስተኛ፤ ጨዋታዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበዱ ሲሄዱ ካርዱን መለወጥ እንዲችል።

ሁለተኛው አሻሻዩ ነው። ይህ ሰው በዘመኑ ሁሉ አንድ ጨዋታ ላይጫወት ይችላል። የሚፈልገው ዛሬ ባለው ገንዘብ መጀመርን፤ ገንዘብ ሲያገኝ ራም መጨመርን፤ ዲስኩ ሲጠብበት ማስፋትን፤ አንድ ክፍል ሲበላሽም ያን ክፍል ብቻ መተካትን ነው። ለእርሱ ኮምፒዩተር በየጊዜው እየታደሰ እንደሚኖር ቤት ነው።

ሁለቱም ሰዎች የሚኖሩት በአንድ ነገር ላይ ተደግፈው ነው፤ ይኸውም የጋራ ደንብ የሚባለው ነው። የመብራት አምፖል ስንገዛ አምፖሉን የሠራው ማን እንደሆነ፤ መያዣውንም የሠራው ማን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ልኩ የታወቀ ስለሆነ ይገጥማል። በኮምፒዩተርም ዘንድ እንዲሁ ነው። አይ ቢ ኤም በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር 5 የካርድ መሰኪያዎች ነበሩት፤ የውስጥ አሠራሩንም የሚገልጽ የቴክኒክ መጽሐፍ ኩባንያው ስላሳተመ፤ ሌሎች ሰዎች ለእርሱ የሚሆን ካርድ ለመሥራት ቻሉ። በ1995 ኢንቴል ኤ ቲ ኤክስ የተባለውን ደንብ አወጣ፤ ይህም የማዘርቦርዱን ስፋት፤ የብሎኖቹን ቦታና የፓወር ሰፕላዩን መሰኪያ ይወስናል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ሣጥኖች፤ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች እርስ በርሳቸው የሚገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መመዘኛችን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። መሣሪያው የጋራውን ደንብ ይከተላልን? የጨዋታ ሠሪዎችስ ወደ እርሱ ይመጣሉን? የመጀመሪያው ጥያቄ የአሻሻዩ ነው፤ ሁለቱም ተደምረው የጨዋታ ወዳዱ ናቸው።

የአሠራሩ ታሪክ

ማክ ፕሮን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል፤ ክፍትና ዝግ የሚባለው ጠብ ከኩባንያው ጋር አብሮ የተወለደ ነውና። በ1977 የወጣው አፕል 2 ክዳኑ በእጅ የሚነሣ፤ በውስጡም 8 የካርድ መሰኪያዎች ያሉት ነበር። ስቲቭ ጆብስ ሁለት መሰኪያ ይበቃል ሲል፤ ንድፉን የሠራው ስቲቭ ዎዝኒያክ ስምንት ካልሆነ አይሆንም ብሎ እንደጸና ራሱ ዎዝኒያክ ተርኮታል። በ1984 በ2,495 ዶላር የወጣው ማኪንቶሽ ግን የጆብስን ሐሳብ ይዞ መጣ። አንድም የካርድ መሰኪያ የለውም፤ ራሙ 128 ኪሎባይት ሆኖ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ሣጥኑም በተራ ካቻቢቴ በማይፈታ ብሎን የታሰረ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1987 የወጣው ማኪንቶሽ 2 ደግሞ 6 መሰኪያዎች ይዞ ተመለሰ።

በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ማክ ፕሮ የዎዝኒያክ ወገን ነበር ማለት ይቻላል። መደበኛው ዓይነት በ2,499 ዶላር ተሸጠ። የጎኑ በር በአንድ እጀታ ይከፈታል፤ አራት ዲስኮች ያለ ሽቦ እየተንሸራተቱ ይገባሉ፤ አራት የካርድ መሰኪያዎች አሉት፤ ፕሮሰሰሮቹም በመሰኪያ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ ደፋር የሆነ ሰው ይለውጣቸው ነበር። የዚህ አሠራር ፍሬ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። አፕል በ2018 ሞሃቪ የተባለውን ሲስተም ሲያወጣ፤ የ2010ና የ2012 ማክ ፕሮ ያላቸው ሰዎች ሲስተሙን ለመጫን ብቁ የሆነ ግራፊክስ ካርድ ማስገባት እንዲችሉ የካርዶቹን ዝርዝር ራሱ አሳተመ። 8 ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር አንድ ካርድ ተለውጦለት አዲሱን ሲስተም ተቀበለ ማለት ነው። ውድ ዕቃ ይበረክታል የሚለው ወገን ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

በ2013 መጨረሻ የወጣው ሁለተኛው አሠራር ሌላ ነው። 25 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው፤ ጥቁርና ክብ፤ ለዓይን እጅግ የሚያምር ዕቃ ነበር፤ ዋጋውም ከ2,999 ዶላር ይጀምር ነበር። ነገር ግን በውስጡ አንድም የካርድ መሰኪያ አልነበረውም። ሁለቱ ግራፊክስ ክፍሎቹ በአፕል ልክ ብቻ የተቆረጡ ስለነበሩ በገበያ የሚገኝ ካርድ አይተካቸውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በኩባንያው በራሱ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ክቡ አካል የተነደፈው ሙቀቱ በሦስት ወገን እኩል እንዲከፋፈል ታስቦ ነበር፤ በኋላ የመጡት ኃይለኛ ግራፊክስ ቺፖች ግን ብዙ ሙቀት በአንድ ቦታ የሚያወጡ ሆኑ። በሚያዝያ 2017 የኩባንያው ሹማምንት ጥቂት ጋዜጠኞችን ጠርተው፤ በሙቀት ረገድ ራሳችንን ወደ ማእዘን አስገብተናል ብለው በግልጽ አመኑ። መሣሪያው አዲስ ግራፊክስ ሳያገኝ 6 ዓመት ቆየ። ባለቤቱ እንዳያሻሽለው የተዘጋው ዕቃ፤ ሠሪውም ሊያሻሽለው የማይችል ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው አሠራር በ2019 መጣ። 8 የካርድ መሰኪያዎች፤ 12 የራም መሰኪያዎች፤ እስከ 1.5 ቴራባይት የሚደርስ ራም፤ 1,400 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ነበረው። ለአሻሻዩ እውነተኛ ካሣ ነበር። ዋጋው ግን ከ5,999 ዶላር ይጀምር ነበር፤ በሥሩ ጎማ እንዲገጠምለት የፈለገም 400 ዶላር ይጨምር ነበር። በዚህ በ5,999 ዶላር ውስጥ የነበረው ራዴዮን ፕሮ 580ኤክስ የተባለው ግራፊክስ ክፍል፤ በ2017 በ229 ዶላር ከወጣው ራዴዮን አር ኤክስ 580 ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው።

አራተኛው አሠራር የ2023ቱ ነው። የውጭው ሣጥን ከ2019ኙ ጋር አንድ ሲሆን፤ ውስጡ ግን ኤም 2 አልትራ የተባለውን የአፕል የራሱን ቺፕ ይዟል። ዋጋው ከ6,999 ዶላር ይጀምር ነበር። ፕሮሰሰሩ፤ ግራፊክሱና ራሙ በአንድነት የታሸጉ ስለሆኑ ራም መጨመር አይቻልም፤ ከፍተኛው መጠንም 192 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ከ2019ኙ መሣሪያ ከፍተኛ መጠን አንድ ስምንተኛ ነው። 7 የካርድ መሰኪያዎች አሉት፤ የድምፅ፤ የቪዲዮና የዲስክ ካርዶችን ይቀበላሉ፤ ግራፊክስ ካርድ ግን አይቀበሉም። ለጨዋታ ወዳዱ ይህ፤ ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ፤ እንደተባለው ነው። በዚያው ዓመት ይኸው ቺፕ፤ ይኸው 64 ጊጋባይት ራምና ይኸው 1 ቴራባይት ዲስክ ያለው ማክ ስቱዲዮ በ3,999 ዶላር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የ3,000 ዶላሩ ልዩነት በተለይ የተከፈለው ለመሰኪያዎቹ ነው።

ስለ ጨዋታ ወዳዱ

አሁን የመጀመሪያውን ሰው እንመልከት። ለእርሱ ካርዱን መለወጥ ከመቻሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ጨዋታዎቹ አሉን?

በዚህ ረገድ የአፕል ታሪክ በጥሩ ምኞትና በአጋጣሚ ኪሣራ የተሞላ ነው። በ1999 ሄሎ የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ስቲቭ ጆብስ በአፕል መድረክ ላይ ነበር። በ2000 ግን ማይክሮሶፍት የጨዋታውን ሠሪ ቡንጂን ገዛ፤ ሄሎም በ2001 የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ መሪ ጨዋታ ሆኖ ወጣ። ለማክ የደረሰው በ2003 መጨረሻ ነው።

ከ2006 እስከ 2020 ድረስ ግን ጨዋታ ወዳዱ አንድ መጠጊያ ነበረው። ማኮች የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለያዙ፤ ቡት ካምፕ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በዚያው መሣሪያ ላይ ዊንዶውስን መጫን ይቻል ነበር። የመጀመሪያው ማክ ፕሮ ለጨዋታ ወዳዱ የተመቸው በዚህ በር በኩል ነው እንጂ በማክ ሲስተም በኩል አልነበረም። በኅዳር 2020 የአፕል ቺፕ የያዙ ማኮች መውጣት ሲጀምሩ ይህ በር በእነርሱ ላይ ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ2019 ካታሊና የተባለው ሲስተም የ32 ቢት ፕሮግራሞችን መቀበል ስላቆመ፤ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የገዟቸው ብዙ የቆዩ ጨዋታዎች በአንድ ሌሊት መከፈት አቁመው ነበር።

በ2023 ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ካውንተር ስትራይክ 2ን ሲያወጣ ለማክ አላዘጋጀም። የሰጠው ምክንያት፤ በማክና በሌሎቹ በተዋቸው አሮጌ መሣሪያዎች ላይ የሚጫወቱት ሰዎች ተደምረው ከጨዋታው ተጫዋቾች መቶኛ አንድ እጅ አይሞሉም የሚል ነው። እዚህ ላይ ክፉ አዙሪት ይታያል። ተጫዋቹ ጨዋታ ስለሌለ ወደ ማክ አይመጣም፤ ሠሪውም ተጫዋች ስለሌለ ለማክ አይሠራም።

ለፍርድ እኩልነት ሲባል ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። አፕል በ2023 የዊንዶውስ ጨዋታዎችን ወደ ማክ ለማዛወር የሚረዳ መሣሪያ ለሠሪዎች ሰጠ። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023፤ ሳይበርፐንክ 2077 በ2025 በማክ ላይ ወጡ። ቺፖቹም በትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በማክ ላይ ሌላ ሥራ ላለውና አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው ነው። ጨዋታን ዋና ጉዳዩ ላደረገ ሰው፤ በ6,999 ዶላር መሣሪያ ላይ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን ጨዋታ አጥቶ መቀመጥ የሚገባ አይመስለኝም።

ስለ አሻሻዩ

የአሻሻዩን ጥቅም ለማየት ከሌላው ሠፈር አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ኤ ኤም ዲ በ2017 ራይዘን የተባሉትን ፕሮሰሰሮቹን ሲያወጣ ኤ ኤም 4 በተባለ መሰኪያ ላይ አወጣቸው። በ2022 የወጣውና ለጨዋታ በጣም የተመሰገነው 5800ኤክስ 3ዲ በዚያው መሰኪያ ላይ የሚቀመጥ ነበር። ስለዚህ በ2017 መጠነኛ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው፤ የማዘርቦርዱ ሠሪ ባዮሱን ካሳደሰለት፤ ከ5 ዓመት በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ለውጦ ራሙን፤ ሣጥኑንና ዲስኩን እንደያዘ ይቀጥል ነበር። በጊዜ ተከፋፍሎ የሚከፈል ዋጋ ማለት ይህ ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ለማይሞላለት ተማሪ ደግሞ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጥበታል።

በዝግ መሣሪያ ግን ገዢው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገውን ሁሉ በግዢው ቀን መገመትና በዚያው ቀን መክፈል አለበት። በ2024 መጨረሻ በ599 ዶላር የወጣውን የአፕል ትንሽ ኮምፒዩተር ማክ ሚኒን እንውሰድ። ራሙን ከ16 ወደ 24 ጊጋባይት ለማሳደግ 200 ዶላር፤ ዲስኩን ከ256 ወደ 512 ጊጋባይት ለማሳደግ ሌላ 200 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ሁለቱን የፈለገ ሰው የመሣሪያውን ዋጋ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። መሠረታዊው ዕቃ በዋጋው ጥሩ መሆኑን አልክድም፤ የሚያስቸግረው፤ ገዢው ዛሬ ካልጨመረ ራሙን ነገ የሚጨምርበት መንገድ የሌለ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር የአፕል ብቻ አይደለም። በ1996 በማያሚ የተመሠረተውና በ2006 ዴል የገዛው ኤሊየንዌር፤ በቀጥታ ለጨዋታ ወዳዶች የሚሠራ ስመ ጥር ድርጅት ነው። ግራፊክስ ካርዱን መለወጥ ይቻላል፤ የዊንዶውስ ጨዋታዎችም ሁሉ አሉ። ዳሩ ግን አውሮራ ከተባሉት ሞዴሎቹ ብዙዎቹ ከኤ ቲ ኤክስ ደንብ የወጣ ማዘርቦርድ ስለነበራቸው፤ ማዘርቦርዱን በሌላ መተካት የፈለገ ሰው ሣጥኑንም መጣል ግድ ይሆንበት ነበር። በ2025 ኤሪያ 51 የተባለውን ሲያወጣ ግን የጋራውን ደንብ የሚቀበል ሣጥን አደረገው። ስመ ጥርነትና የጋራ ደንብ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

የተቃራኒ ሐሳቦች ምርመራ

በእኔ አስተያየት ላይ ሦስት ብርቱ መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ።

አንደኛው የምሕንድስና ነው። ራሙ ከቺፑ ጋር የታሸገው ሰውን ለማስጨነቅ ሳይሆን ለፍጥነት ነው፤ ኤም 2 አልትራ በሰከንድ 800 ጊጋባይት የሚያስተላልፈው በዚህ ቅርበት ምክንያት ነው፤ ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ለቪዲዮና ለድምፅ ባለሙያዎችም ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ለራሙ እንጂ ለዲስኩ አይሠራም። የ2023ቱ ማክ ፕሮ ዋና ዲስክ ከቦታው የሚወጣ ሆኖ ሳለ፤ በየሱቁ የሚገኘው ዓይነት ሳይሆን የአፕል የራሱ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፤ ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን በዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ አይከፍትም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ግን የሚመለከተው የመጀመሪያውን ባለቤት ነው። ዕቃው የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ባለቤት እጅ ነው። በአገራችን ብዙ ተማሪ የሚገዛው ሌላ ሰው የተገለገለበትን ኮምፒዩተር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለእኛ የመጀመሪያው ገዢ ያላዘዘው ራም ለዘላለም የቀረ ራም ሊሆን ነው። ስለዚህ በካሊፎርኒያ የተወሰነ የብየዳ ጉዳይ በአዲስ አበባ የመኝታ ክፍል ውስጥ ይታያል።

ሦስተኛው፤ በእጅ የተገጠመ ኮምፒዩተር ተጠያቂ የለውም፤ ማሻሻልም ወሰን አለው የሚል ነው። ይህን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ክፍሎቹን ከአምስት ሱቅ የገዛ ሰው ሲቸገር አምስቱም ሱቆች ጥፋቱ የሌላው ነው ይሉታል፤ ከስመ ጥር ፋብሪካ የገዛ ሰው ግን አንድ ዋስትና ሰጪ አለው። እንደዚሁም ዲ ዲ አር 4 ራም በዲ ዲ አር 5 መሰኪያ ላይ ስለማይገባ፤ አሻሻዩም አንድ ቀን ማዘርቦርዱን፤ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በአንድነት መለወጡ አይቀርም። ከዚህም በላይ ሲስተሙ ራሱ ዕድሜን ይወስናል። አፕል በ2025 ባስታወቀው መሠረት፤ በዚያ ዓመት የወጣው ሲስተም በኢንቴል ማኮች ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ነው፤ በእነዚህም ውስጥ እስከ 2023 ድረስ ይሸጥ የነበረው የ2019ኙ ማክ ፕሮ አለበት። ማይክሮሶፍትም የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 ሲያቆም፤ ደኅና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ብቁ ሳይሆኑ ቀርተዋል። ክፍት ሣጥን ከዚህ አያድንም።

እነዚህ መቃወሚያዎች ክፍት ኮምፒዩተር ዘላለማዊ አለመሆኑን ያስረዳሉ። ለሁለቱ ሰዎቻችን ዝግ ኮምፒዩተር ይስማማል የሚለውን ግን አያስረዱም።

ማጠቃለያ

ፍርዱን ባጭሩ ልስጥ። የ2006ቱ ማክ ፕሮና ተከታዮቹ ለአሻሻዩ በእጅጉ የሚስማሙ፤ በዊንዶውስ በር በኩልም ለጨዋታ ወዳዱ የሚበቁ ነበሩ። የ2013ቱ ለሁለቱም አልሆነም። የ2019ኙ ሀብታም ለሆነ አሻሻይ የሚሆን፤ ለጨዋታ ወዳዱ ግን ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ዋጋ የሚጠይቅ ነው። የ2023ቱ ለቪዲዮና ለድምፅ ባለሙያ ጥሩ መሣሪያ ሲሆን፤ ለእኛ ሁለት ሰዎች ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። በአራቱም ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ስለዚህ ስመ ጥር ዕቃ ይስማማል ወይም አይስማማም ብሎ በስሙ ብቻ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ከሁለቱ ተከራካሪ ወገኖች አንዱም ሙሉ በሙሉ አልረታም።

ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ገዢው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ራሙ የሚነቀል ነውን ወይስ የተበየደ? ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ሌላ ፋብሪካ በሠራው ሊተኩ ይችላሉን? ዛሬ የምጫወተው ጨዋታ፤ ነገም ጓደኞቼ የሚጫወቱት፤ በዚህ ሲስተም ላይ ይወጣልን? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ያገኘ ሰው በዕቃው ላይ የማንም ስም ቢጻፍ ግድ የለውም። መልስ ያላገኘ ሰው ግን ሻጩ ሣጥኑን እንዲከፍትለት ይለምን፤ ሻጩ እንቢ ካለ ይህም ራሱ መልስ ነው።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ይህን ሳንጠይቅ ገዝተን የከፈልነውን ከፍለናል። ሌላው ተማሪ ያን ያህል እንዳይከፍል ይህ ጽሑፍ ጥቂት ቢረዳ፤ የተደከመበት ዋጋውን አገኘ። መምህራንና የትምህርት ጓደኞች በሐሳቡ ላይ ጉድለት ቢያገኙ በዚሁ መጽሔት ገጽ ላይ እንዲያርሙት በትሕትና እለምናለሁ።